ከወረቀቱ ጀርባ ያሉት ጥያቄዎች

ሚያዝያ 2018 ዓ.ም.
ቦስተን፣ ማሳቹሴትስ

ይድረስ፦ በማሳቹሴትስ ለምትኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን መራጮች
እንዲሁም፦ ለየከተሞቻችን የምርጫ ጽሕፈት ቤቶችና ለኮመንዌልዙ ጸሐፊ ቢሮ
ጉዳዩ፦ የመጪውን የስቴት ምርጫና አብረውት የሚቀርቡትን ጥያቄዎች በአማርኛ ስለማሳወቅ



በፈረንጆቹ የ2024 ምርጫ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ እናቴ በፖስታ የመጣላትን የድምፅ መስጫ ወረቀት የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ጠበቀችኝ። የፊቱን ገጽ ራሷ ጨርሳዋለች። የዕጩዎቹን ስም በቴሌቪዥን ደጋግማ ስለሰማች ማንን እንደምትመርጥ ታውቃለች፤ ፊደሉንም ቀስ ብላ ትለቅመዋለች። ከዚያ ወረቀቱን ገለበጠችና «ይኼስ ምንድን ነው?» አለችኝ። በጀርባው አምስት ጥያቄዎች በደቃቅ ፊደል ሰፍረዋል።

ሁለተኛውን አነበብኩላት። ስለ ኤምካስ ነው፤ በዚህ ስቴት የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ለማግኘት ተማሪው በአሥረኛ ክፍል ወስዶ ማለፍ ስለነበረበት ፈተና። ግዴታው ከ1993ቱ የትምህርት ማሻሻያ ሕግ የመነጨ ሲሆን፣ ከ2003 ተመራቂዎች ጀምሮ ሲሠራበት ቆይቷል። እናቴ እስክጨርስ አልጠበቀችም። «ልጅ ሳይፈተን ይመረቃል እንዴ? ፈተናውማ ይኑር!» ብላ እስክሪብቶዋን «አዎ» ከሚለው ክብ ላይ አሳረፈች። እጇን ያዝኳት። በዚያ ጥያቄ «አዎ» ማለት የማለፍ ግዴታው ይቅር ማለት ነበር። እንዲኖር የሚፈልግ ሰው ማጥቆር ያለበት «አይ» የሚለውን ነው። ትክ ብላ አየችኝና «አይ ካልኩ ነው ፈተናው የሚኖረው?» አለች።

እኔ በዚያ ጥያቄ የእሷ ሐሳብ አልነበረኝም። እጇን ባልይዘው ኖሮ እኔ የምደግፈው ወገን አንድ ድምፅ ያተርፍ ነበር። ግን የሐሳቧ ተቃራኒ በስሟ ሲቆጠር ዝም ብሎ የሚያይ ልጅ አይገኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያሳስበኝ ማንም እጃቸውን ያልያዘላቸው እናቶችና አባቶች ጉዳይ ነው። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

መጪው የማሳቹሴትስ የስቴት ምርጫ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 3 ቀን 2026፣ በእኛ ጥቅምት 24 ቀን 2019 ዓ.ም. ማክሰኞ ይካሄዳል። ገዢውን ጨምሮ የስቴቱ ዋና ዋና ባለሥልጣናት ይመረጡበታል። እንደ ልማዱ ከዕጩዎቹ ሌላ ጥያቄዎችም ይቀርባሉ። ስለ ዕጩዎቹ ብዙ አልልም፤ ከስማቸውም ከፎቷቸውም ማምለጥ አይቻልም። የማይነገርልን የወረቀቱ ጀርባ ነው።

በመጀመሪያ የቃሉን ነገር ላንሣ። እዚህ አገር «ጥያቄ 1»፣ «ጥያቄ 2» እየተባለ ይጻፋል፤ ወደ አማርኛ የሚመልሰውም ሰው እንዲሁ «ጥያቄ» ይለዋል። በእኛ የፖለቲካ አማርኛ ግን ጥያቄ ማለት ሕዝብ ለመንግሥት የሚያቀርበው አቤቱታ ነው። የመሬት ጥያቄ፣ የመብት ጥያቄ፣ የመንገድና የውኃ ጥያቄ እያልን ነው ያደግነው። ጠያቂው እኛ፣ መላሹ ሌላ። ስለዚህ አንድ አዛውንት «ጥያቄ 3» የሚል ሲያዩ ሌሎች ያቀረቡት፣ ሌላ አካል የሚመልሰው ጉዳይ ይመስላቸዋል። እዚህ መላሹ መራጩ ራሱ ነው፤ ያጠቆረው ክብ ተቆጥሮ ሕግ ይሆናል። ለዚህ ነገር እኛ የቆየ ስም አለን፤ ሕዝበ ውሳኔ። የሲዳማ ሕዝብ በኅዳር 2012 ዓ.ም. ክልል ለመሆን ድምፅ ሲሰጥ ነገሩን ለማስረዳት ሌላ ቃል አላስፈለገም። በአገር ቤት የምርጫ ወረቀት ላይ ደግሞ ምልክት አለ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ አንዱን ምልክት አይቶ፣ ሌላውን ምልክት አይቶ፣ የፈለገው ላይ ጣቱን ያሳርፋል። የማሳቹሴትስ ጥያቄ ሥዕል የለውም። ለእኛ የሚደርሰን የሕግ እንግሊዝኛ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የ«አዎ» እና የ«አይ» ነገር ነው። «አትመጣም?» ብሎ ለጠየቀን ሰው «አዎ፣ አልመጣም» የምንል ሕዝብ ነን። የእኛ «አዎ» ጠያቂው ያለውን ማጽናት ነው። ነገሩ ባለበት ይቀጥል ወይስ ይለወጥ የሚለውን የሚነግረን ደግሞ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው፤ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣልና። የምርጫውን ወረቀት የሚያነብ ሰው ግን ከሁሉ በፊት ሊያውቀው የሚገባው «አዎ» የትኛውን በር እንደሚከፍት ነው። ይህ ደግሞ ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል። በ2022 አራተኛው ጥያቄ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው ስደተኞች መንጃ ፈቃድ እንዲያገኙ የሚፈቅደውን ሕግ የሚመለከት ነበር። ሕጉን ምክር ቤቱ አስቀድሞ አውጥቶታል፤ ለሕዝብ ይቅረብ ብለው ፊርማ ያሰባሰቡት ሕጉ እንዲሻር የሚፈልጉት ናቸው። በወረቀቱ ላይ ግን «አዎ» ማለት ሕጉ ይጽና፣ «አይ» ማለት ሕጉ ይሻር ነበር። ሕጉ ወደ 54 በመቶ በሚሆን ድምፅ ጸንቶ በጁላይ 2023 ሥራ ላይ ዋለ። ሁለት ዓመት ቆይቶ በኤምካስ ጥያቄ «አዎ» ማለት ያለው ግዴታ ይቅር ማለት ሆነ። ባለፈው «አዎ ነው የሚባለው» ተብሎ የተነገረው ሰው በሚቀጥለው እንዲሁ አድርጎ ቢሳሳት ጥፋቱ የሱ ብቻ አይደለም።

እኔ ሹፌር ነኝ፤ ኡበርም ሊፍትም እሠራለሁ። በ2024 ሦስተኛው ጥያቄ ስለ እኛው ነበር፤ በእነዚህ መተግበሪያዎች የሚሠሩ ሹፌሮች ማኅበር መሥርተው ከኩባንያዎቹ ጋር በጋራ መደራደር ይችሉ ወይስ አይችሉ። በሎጋን ኤርፖርት የሹፌሮች መጠበቂያ ሎት ተራ ስንጠብቅ የነበረው ክርክር አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። አንዱ «አዎ ካልን ተቀጣሪ ሊያደርጉን ነው፣ ሰዓታችንን እነሱ ሊቆርጡልን ነው» ይላል። ጥያቄው እሱን አይልም። ሌላው «እኛ እኮ አሸንፈናል፣ 32 ዶላር ከ50 ተፈርዶልናል፣ አሁን ምን ቀረን?» ይላል። እሱ ያለው በዚያው ዓመት በጁን ወር የስቴቱ ዐቃቤ ሕግ ከሁለቱ ኩባንያዎች ጋር ያደረገችው ስምምነት ነው። 175 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለበት፤ ከኦገስት 15 ቀን 2024 ጀምሮም ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 32.50 ዶላር ሆነ። ያ ክፍያ የሚቆጠረው ጥሪ ተቀብለን ተሳፋሪውን እስክናደርስ ላለው ጊዜ ነው። ሎት ላይ ተቀምጠን የምንጠብቀው ሰዓት የለበትም። በሕዝበ ውሳኔው የቀረበው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከሥራ ላይ ሹፌሮች 25 በመቶው ከፈረሙ ማኅበሩ በስማቸው ለመደራደር የሚታወቅበት ሥርዓት። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት ስለመጡ ተደበላለቁ። በእንግሊዝኛም ተደበላልቀው ነበር፤ በአማርኛ የሚያስረዳ አንድ ወረቀት እጃችን ላይ ስላልነበረ በእኛ ዘንድ ግን ግርታው ከዚያም ባሰ።

ጥያቄው ወደ 54 በመቶ በሚሆን ድምፅ አለፈ። እኔ የመረጥኩትን መርጫለሁ፤ ይህ ደብዳቤ ማንም እንዲህ ይምረጥ ለማለት የተጻፈ አይደለም። ነገር ግን ስለ መተዳደሪያችን የተጻፈ ሕግ ለእኛው ቀርቦ፣ ከመካከላችን ጥቂት የማይባሉ ሰዎች ፊቱን ሞልተው ጀርባውን ባዶ መለሱት። ሎት ላይ «እሱን ተውኩት፣ አልገባኝም» ያሉኝ የረጅም ዓመት ባልንጀሮቼ ናቸው። የተተወውን ጥያቄ ሌላው ይመልሰዋል፤ ኡበር ነድቶ የማያውቅ፣ ሎት ሄዶ የማያውቅ ሰው።

ሌሎቹም ከእኛ የራቁ አልነበሩም። አምስተኛው ጥያቄ በጉርሻ ስለሚሠሩ ሰዎች ነበር። ለእነሱ የተቀመጠው ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 6.75 ዶላር ነው፤ ይህ እስከ 2029 ድረስ ደረጃ በደረጃ አድጎ ከሌላው ሠራተኛ ጋር እኩል ይሁን ወይስ አይሁን የሚል ነው። ወደ 64 በመቶ የሚሆነው መራጭ «አይ» አለ። ሬስቶራንት ውስጥ የሚያስተናግዱ እህቶቻችን በዚህ ጉዳይ በሁለት ተከፍለው ነበር፤ ግማሾቹ ደመወዙን፣ ግማሾቹ ጉርሻው እንዳይቀንስ ብለው። እንዲህ ያለው መከፋፈል አይከፋም፤ ነገሩ ገብቷቸው ተከራክረዋል። አንደኛው የስቴቱ ዋና ኦዲተር ምክር ቤቱን ትመርምር የሚል ሲሆን ወደ 72 በመቶ በሚሆን ድምፅ አልፏል። አራተኛው አእምሮን ስለሚለውጡ አንዳንድ ተፈጥሯዊ ዕፆች ነበር፤ ወደቀ።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ፤ የምርጫ ጽሕፈት ቤቶች ሆይ፣ እናንተ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ወገኖቼ ግን ብዙዎቻችሁ ስለማትሰሙት ነው የማነሣው። የምርጫ ወረቀት ከእንግሊዝኛ በተጨማሪ በሌላ ቋንቋ እንዲዘጋጅ የሚያስገድደው የፌዴራሉ የመራጮች መብት ሕግ ክፍል ነው፤ በ1975 የተጨመረው 203ኛው ክፍል። ሎዌል ከተማ በክሜር ቋንቋ ወረቀት የሚያዘጋጀው በዚሁ ሕግ ነው። ሕጉ የሚጠብቃቸው ግን አራት ወገኖችን ብቻ ነው፤ ስፓኒሽ ተናጋሪዎችን፣ የእስያ ተወላጆችን፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችንና የአላስካ ነባሮችን። የአፍሪካ ቋንቋ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪው በአንድ ከተማ አሥር ሺህም ይሁን መቶ ሺህ፣ ያ ሕግ ለአማርኛ አይደርስም። ቁጥራችን ሲበዛ ይመጣል ብለን የምንጠብቅ ካለን፣ በዚህ በኩል የሚመጣ ነገር የለም።

ያው መንግሥት ደግሞ በሌላ መሥሪያ ቤቱ ሌላ ነገር ያደርጋል። ዕድሜው 50 ደርሶ በግሪን ካርድ 20 ዓመት የኖረ፣ ወይም 55 ደርሶ 15 ዓመት የኖረ ሰው የዜግነት ፈተናውን በራሱ ቋንቋ በአስተርጓሚ እንዲፈተን ይፈቀድለታል። እናቴ ዜጋ የሆነችው እንዲሁ ነው፤ ስለ ሕገ መንግሥቱ ተጠይቃ በአማርኛ መለሰች፣ አለፈች፣ እጇን አንሥታ ማለች። የዜግነት ዋናው መብት ድምፅ መስጠት እንደሆነም በአማርኛ ነው የተማረችው። ከዚያ የመጣላት ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው። በእኔ እምነት ይህ ሰውን በር አስገብቶ ወንበር እንደ መከልከል ነው።

ይህ ድምፅ ለእኛ ምን እንደሆነም ልብ በሉልን። የአሜሪካ ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ በኢትዮጵያ ሕግ ዜግነቱን እንደ ተወ ይቆጠራል። የትውልደ ኢትዮጵያዊነት ቢጫ ካርድ ቢይዝም፣ ቤት መግዛት መሥራት ይችላል እንጂ መምረጥና መመረጥ አይፈቀድለትም። በ1997 ዓ.ም. አገር ቤት ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፈው ድምፅ የሰጡ ሰዎች አሉ በመካከላችን፤ ዛሬ በዓለም ላይ ያላቸው ድምፅ ይኼ የማሳቹሴትሱ ብቻ ነው።

ስለዚህ የምርጫ ጽሕፈት ቤቶችን የምለምነው ሕግ የሚያስገድዳችሁን አይደለም፤ የሚከለክላችሁ የሌለውን ነው። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛን ከምታገለግልባቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጋዋለች፤ የፌዴራሉን ዝርዝር አልጠበቀችም። እዚሁ አጠገባችን ካምብሪጅ ለነዋሪዎቿ ብዙ ነገር በአማርኛ ታሳውቃለች። አንድ ከተማ ስለ ትምህርት ቤት ምዝገባ በአማርኛ መጻፍ ከቻለ ስለ ሕዝበ ውሳኔም ይችላል። የድምፅ መስጫው ወረቀት ራሱ ይተርጎም እያልኩ አይደለም፤ እሱ የረጅም ጊዜ ሥራ ነው። አሁን የሚያስፈልገን አንድ ሉህ ማስታወቂያ ነው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ዛሬ ያለው ምን እንደሆነ፣ «አዎ» ካሸነፈ ምን እንደሚለወጥ፣ «አይ» ካሸነፈ ምን ባለበት እንደሚቆይ በተራ አማርኛ ይጻፍ። ርእሱ ላይ «ሕዝበ ውሳኔ» ይባል። ጽሑፉን ማሽን ተርጉሞት ማንም ሳያየው እንዳይወጣ፤ አንድ ጊዜ «አዎ»ና «አይ» ቢገለባበጥ ካለማሳወቅ የባሰ ነው።

የሰዓቱን ነገርም አደራ። ምርጫ ጣቢያ ከፈረንጆቹ ጠዋት 7 እስከ ምሽት 8 ክፍት ነው። «7 ሰዓት» ብቻ ብሎ ለእናቴ ዕድሜ እኩያ የተጻፈ ወረቀት ከምሳ በኋላ ይወስዳታል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተብሎ ከጎኑ ይጨመር።

ጊዜ የለንም እንዳትሉን። በዚህ ስቴት አንድ ሐሳብ ለሕዝብ ውሳኔ የሚቀርብበት መንገድ ከ1918 ጀምሮ በሕገ መንግሥቱ 48ኛ ማሻሻያ ተቀምጧል። ለመጪው ምርጫ ሐሳብ ያቀረቡ ወገኖች 74,574 ፊርማ ማሟላት ነበረባቸው፤ ምክር ቤቱ እስከ ሜይ መጀመሪያ ሕጉን ካላወጣው ደግሞ 12,429 ተጨማሪ ፊርማ በጁላይ መጀመሪያ ያስገባሉ። ከዚያ በኋላ የጥያቄዎቹ ዝርዝር ይለያል። ከጁላይ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ሦስት ወር አለ። ሉሁን ለማንበብና ስሕተት ለማረም ፈቃደኛ የሆኑ አስተማሪዎች፣ አስተርጓሚዎችና የሕግ ባለሙያዎች በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ አሉን። የተዘጋጀውን ደግሞ ሰው ያለበት አድርሱት። ሽማግሌዎቻችን ድረ ገጽ አይከፍቱም። እንጀራ መሸጫው ሱቅ፣ ሎት፣ የፓርኪንግ ጋራዡ ቢሮ፣ ከጸሎት በኋላ ያለው ሻይ ቤት ታገኟቸዋላችሁ።

ወገኖቼ፣ እናንተንም ጥቂት ልበል። ሱፐርማርኬት በር ላይ ወረቀት ይዞ የሚያስፈርም ሰው ስታገኙ ፊርማችሁ ድምፅ አይደለም፤ ጉዳዩ ወረቀቱ ላይ ይግባ ማለት ብቻ ነው። ያልገባችሁን አትፈርሙ። ኖቬምበር ላይ ለመምረጥ እስከ ኦክቶበር 24 ተመዝገቡ፤ ቤት ከቀየራችሁ አድራሻችሁን አስተካክሉ። ቀደም ብሎ በአካል መምረጥ ከኦክቶበር 17 እስከ 30 ይቻላል። በፖስታ ለመምረጥ ማመልከቻው እስከ ኦክቶበር 27 ከቀኑ 11 ሰዓት፣ በፈረንጆቹ 5 ሰዓት፣ መድረስ አለበት፤ ግን እስከዚያ አታቆዩት።

አንድ ከባድ ነገር አለ። ዜግነት ያልወሰደ ሰው፣ ግሪን ካርድ ቢኖረውም፣ አይመዘገብም፣ አይመርጥም። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ ወይም ለጤና መድን ስታመለክቱ ዜጋ ነህ ወይ የሚለውን ሳታስተውሉ እንዳትሞሉ። በዚህ ምክንያት ዜግነት መከልከል፣ ከአገር እስከ መባረርም ሊደርስ ይችላል። ልጆች ለወላጆቻችሁ ቅጽ ስትሞሉላቸው በተለይ አደራ።

ዜጋ የሆናችሁ ደግሞ መብታችሁን ይዛችሁ ግቡ። እንግሊዝኛ ማንበብ የሚያስቸግረው መራጭ የሚረዳውን ሰው ራሱ መርጦ ይዞ መግባት ይችላል፤ ልጅ፣ ጎረቤት፣ ጓደኛ። የማይፈቀደው አሠሪው ወይም የአሠሪው ወኪል፣ አለዚያም የሠራተኛ ማኅበሩ ሹም ነው። ይህ የፌዴራል ሕግ ነው፤ በቀለምም በቋንቋም አይለይም፣ አማርኛን አልዘለለም። በቤታችሁ በአማርኛ የጻፋችሁትን ማስታወሻ ይዛችሁ መግባት ትችላላችሁ፤ ስትወጡ ግን ይዛችሁት ውጡ። ከተሳሳታችሁ አዲስ ወረቀት ጠይቁ፤ እስከ ሁለት ጊዜ ይለወጥላችኋል። በመዝጊያው ሰዓት ሰልፍ ላይ ከሆናችሁ አትመለሱ፤ ትመርጣላችሁ። የምትረዱ ልጆች ደግሞ፣ የምታጠቁሩት ወላጃችሁ የወሰነውን ነው።

በእኔ በኩል፣ ስቴቱ ለየቤቱ የሚልከው ቀይ ሽፋን ያለው የመራጮች መጽሐፍ እንደ ወጣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሦስት ሦስት መስመር በአማርኛ ጽፌ ሎት ላይ አነባለሁ። ስሕተት ያየ ያርመኝ፤ ከጽሕፈት ቤቶቹ የተሻለ ወረቀት ከመጣ ደግሞ የእኔን ጥዬ የእነሱን አድላለሁ። እናቴ ከአሁኑ «ዘንድሮስ ጀርባው ላይ ምን አለ?» ብላኛለች። ጁላይ ላይ እነግርሻለሁ ብያታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሎጋን ሎት ሹፌርና መራጭ